«በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ»፦ አባትዎ ስላዩት ፊልም

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «አባቴ ‹ሕዝብ ወሎ ላይ በረሀብ ሲያልቅ ጃንሆይ ውሾቻቸውን ሥጋ ያበሉ ነበር› ይላል። በ1967 እንቁጣጣሽ ማታ ሰፈራችን ካለ ቡና ቤት ቁጭ ብሎ በቴሌቪዥን አይቶታል፤ ‹በዓይኔ በብረቱ› ነው የሚለው። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ደርግ የሠራው ቆርጦ ቀጥል ነው፣ ረሀቡም ተጋኗል ባይ ነው። በየበዓሉ በዚህ ይጣላሉ። ማን ነው ልክ? አባቴ የተማረ ሰው ነው፤ ደርግንም አምርሮ ይጠላል። ደርግ ያሳየውን ፊልም እስከ ዛሬ አምኖ እንዴት ይኖራል?»

አጭሩን መልስ ላስቀድም። አባትዎ ያዩት ምስል የፈጠራ አይደለም። ወንድምዎም «ቆርጦ ቀጥል» ሲል ልክ ነው። ረሀቡ ተጋኗል የሚለው ግን ስህተት ነው። ሁለቱም የሚጣሉት ምስሉ እውነት ነው ወይስ ሐሰት በሚለው ላይ ነው፤ ነገሩ ያለው ግን ምስሉ ውስጥ ሳይሆን በአንዱ ምስልና በሚቀጥለው መካከል ነው።

መጀመሪያ የሆነውን እናስተካክል፤ እዚህ ላይ የምናወራው ስለ ሁለት ፊልም ነውና። የመጀመሪያውን የሠራው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ነው። ወሎ ገብቶ እህል ፍለጋ ከየመንደሩ ተሰድዶ የተከማቸውን ሕዝብ ቀረጸ፤ ዘገባው «ያልታወቀው ረሀብ» በሚል ርዕስ ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በቴምዝ ቴሌቪዥን ታየ። ረሀቡ ግን ፈረንጅ ሲያየው የጀመረ አይደለም። በ1965 የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያዩትን ፎቶ አንሥተው ተመልሰዋል፤ መንግሥት ነገሩ አደባባይ እንዲወጣ አልፈለገም። የሞተው ሰው ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ዝቅተኛው ግምት 40 ሺህ ገደማ ሲሆን ከፍተኛው 200 ሺህ ይደርሳል። ዝቅተኛውን የሚወስድ ሰው እንኳ «ተጋኗል» የሚል ቃል ከአፉ ባይወጣ ደግ ነው። የዲምብልቢ ፊልም ዋና ጉዳዩ ለእርዳታ መጮህ ነበር እንጂ ንጉሡን መክሰስ አልነበረም።

ሁለተኛው ፊልም የደርግ ነው። ያንኑ ዘገባ ወሰደና በረሀብተኞቹ ምስል መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣ፣ የሠርግ ድግስ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ውሾቻቸውን ሲመግቡ የሚታዩበትን ምስል እየሰነጠቀ አስገባበት። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተላለፈ። በማግስቱ ጠዋት ንጉሡ ከሥልጣን መውረዳቸው ተነበበላቸውና በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ወጡ። ያቺ ቮልስም ራሷን የቻለች ምስል ነበረች፤ ሕዝቡ በሮልስ ሮይስ የሚያውቃቸውን ሰው በዚያች መኪና ኋላ ወንበር ማስቀመጥ ያለ አንድ ቃል ብዙ ይናገራል።

ይህን ፊልም አብዮቱን ያመጣው አድርገው የሚያወሩ አሉ፤ እኔ አልስማማም። የነገሌ ቦረና ወታደሮች አለቆቻቸውን ያሰሩት በጥር 1966 ነው። የቤንዚን ዋጋ ጨምሮ ታክሲዎች የቆሙት፣ መምህራን በትምህርት ማሻሻያው ላይ አድማ የመቱት በየካቲት ነው። እስከ ነሐሴ ድረስ ደርግ ሹማምንቱን አንድ በአንድ ለቅሞ አስሮ የንጉሡን ዙሪያ ባዶ አድርጎት ነበር። ፊልሙ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ሥራውም አንድ ጠባብ ሥራ ነበር፦ ሰው በማግስቱ ጠዋት ወሬውን ሲሰማ እንዳይደነግጥ ማድረግ። ያን ጊዜ በ1957 የተከፈተው ቴሌቪዥን ሥርጭቱ ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ ብዙም አያልፍም፤ ግን ሊደነግጥና አደባባይ ሊወጣ ይችላል ተብሎ የሚፈራውም የከተማው ሰው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ተራኪው ትንፍሽ ባይል እንኳ፣ የሚያጣጥር ሕፃን ታይቶ ወዲያው ሥጋ የሚበላ ውሻ ከታየ ተመልካቹ ሦስት ነገር በራሱ ይጨምርበታል። አንደኛ፣ ሁለቱ የሆኑት በአንድ ቀን ነው። ሁለተኛ፣ ንጉሡ ሕፃኑን እያወቁ ነው ውሻውን የሚመግቡት። ሦስተኛ፣ ሥጋው ለሕፃኑ ሊደርስ ይችል የነበረ ሥጋ ነው። ከሦስቱ አንዱም ምስሉ ላይ የለም። ውሻው የተቀረጸው በየትኛው ዓመት እንደሆነ ስክሪኑ ላይ አይነበብም። አባትዎ ያዩት ሕፃንና ውሻ ነው፤ የቀረውን ሠርተው የጨመሩት ራሳቸው ናቸው። ሰው ከሌላ የሰማውን ይጠረጥራል፤ ራሱ የደረሰበትን ግን ማን ደፍሮ ይነካበታል! አባትዎን «ደርግ አታለለህ» ሲሏቸው የሚቆጡትም ለዚህ ይመስለኛል፤ የደርግን ሳይሆን የራሳቸውን ድምዳሜ እየነኩባቸው ነው።

ይህን ነገር በፊልም ትምህርት ቤት መጀመሪያ የምናስተምረው በሩሲያዊው ሌቭ ኩሌሾቭ ስም ነው። ከሩሲያ አብዮት በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት ኢቫን ሞዡኺን የተባለን ተዋናይ ምንም ስሜት የማይታይበት ፊት ወስዶ አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን፣ አንዴ ከምትጫወት ሕፃን ጋር ቀጠለው። ፊልሙ ዛሬ የለም፤ የምናውቀው ተማሪው የነበረው ፑዶቭኪን በኋላ ከጻፈው ነው። እሱ እንደሚለው ተመልካቹ ሰውየው ሾርባውን ሲመኝ፣ በሬሳው ሲያዝን፣ በልጅቷ ሲደሰት አይቶ ትወናውን አደነቀ። ፊቱ ግን ያው አንድ ፊት ነው።

በስልክዎ ሊሞክሩት ይችላሉ። አንድ ሰው ዝም ብሎ ወደ መስኮት ሲያይ ለአምስት ሰከንድ ያህል ይቅረጹ። ከዚያ ካፕከት በተባለው የቪዲዮ መቁረጫ መተግበሪያ ሁለት ቅጂ ያውጡ፤ በአንዱ ከፊቱ ቀጥሎ ደጅ የሚጫወቱ ልጆች ይምጡ፣ በሌላው የለቅሶ ድንኳን። አንዱን ለአንድ ሰው፣ ሌላውን ለሌላ ሰው አሳይተው «ምን እያሰበ ነው?» ብለው ይጠይቁ። የሚመልስልዎ ስለ ሰውየው ነው፤ ስለ ቀጠላው የሚያነሣ አያገኙም።

በነገራችን ላይ የእኛ የቀድሞ ሠዓሊዎች ከካሜራው ይልቅ ሐቀኞች ነበሩ። የዐድዋን ሥዕል ያየ ሰው ያስታውሳል፦ የእኛ ሰው ፊቱን ሙሉ ወደ እኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ጠላት በጎን ተሥሎ አንድ ዓይን ብቻ ይታየዋል፤ ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ አለ። ሠዓሊው ከማን ወገን እንደቆመ ገና ከሩቅ ነግሮዎታል። ካሜራ ግን ወገን የሌለው መስሎ ይገባል። ሩሲያ ውስጥ የክረምቱን ቤተ መንግሥት መያዝ የሚያሳዩ ተብለው ለዓመታት በየመጽሐፉ የታተሙት ፎቶዎች ብዙዎቹ ከ1917ቱ ሌሊት የተነሡ አልነበሩም፤ በ1920 እ.ኤ.አ. ከተደረገው የአደባባይ ትርኢትና አይዘንስታይን በ1928 እ.ኤ.አ. ካወጣው ፊልም የተወሰዱ ነበሩ።

«ደርግን የሚጠላ ሰው እንዴት የደርግን ፊልም ያምናል?» ላሉት ደግሞ ሌላ መልስ አለ፤ ጥያቄዎን ስቀበል ደስ ያለኝም በዚህ ክፍሉ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር ለምልምሎቹ ለምን እንደሚዋጉ የሚያስረዱ ፊልሞችን በታዋቂው ዳይሬክተር በፍራንክ ካፕራ አሠርቶ ያሳይ ነበር። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ካርል ሆቭላንድና ባልደረቦቹ ፊልሞቹ በወታደሩ ላይ ምን እንዳደረጉ መረመሩ፤ ውጤቱን በ1949 እ.ኤ.አ. አሳተሙት። ወታደሮቹ ከፊልሙ ብዙ ቁም ነገር ተምረዋል፤ ለመዋጋት ያላቸው ፍላጎት ግን አልጨመረም ማለት ይቻላል። ለካፕራ የሚያሳፍር ውጤት ነው። ነገር ግን ከዘጠኝ ሳምንት በኋላ መልሰው ሲጠይቋቸው ያልጠበቁት ነገር ገጠማቸው፦ ዝርዝሩን ረስተውታል፣ በአንዳንድ ጉዳይ ላይ ግን አስተያየታቸው ፊልሙን ባዩ ሰሞን ከነበረው ይልቅ ወደ ፊልሙ ሐሳብ ቀርቧል።

ከማብራሪያዎቹ አንዱ ይህ ነው፦ ሰው መልእክቱንና የመልእክቱን ባለቤት እኩል አያስታውስም። ያየው ሲቀር ማን እንዳሳየው ይጠፋል። መጀመሪያ ላይ «ይሄ እኮ የመንግሥት ፊልም ነው» ብሎ ያስጠነቅቀው የነበረው ጥርጣሬ ከባለቤቱ ጋር አብሮ ይረሳል። ይህ ሁልጊዜና በሁሉም ሰው ላይ የሚደርስ አይደለም፤ በኋላ የተደረጉት ጥናቶች እንደሚሉት በተለይ የሚታየው ጥርጣሬው ከመልእክቱ በኋላ ሲመጣ ነው። አሁን የአባትዎን ነገር ያስቡት። ያን ማታ ደርግ ገና «ኢትዮጵያ ትቅደም» የሚል፣ ደም ያላፈሰሰ፣ ብዙ የተማረ ሰው ተስፋ የጣለበት ኃይል ነበር። ስድሳዎቹን የረሸነው ከሁለት ወር በኋላ፣ ኅዳር 14 ነው። ስለዚህ አባትዎ ፊልሙን ያዩት በሚያምኑት ሰው እጅ ነው፤ ጥላቻው የመጣው በኋላ ነው። ጥላቻው ወደ ኋላ ተመልሶ ያን ምስል አላጠበውም። ብዙ የዚያ ትውልድ ሰው ደርግ የነገረውን ሁሉ ሲጥል የውሻውን ነገር ግን እንደያዘ ቀርቷል።

ስለ ትዝታም አንድ ነገር ልበል። ያን ፊልም አየን የሚሉ ሁሉ ቴሌቪዥን ይደርሳቸው ነበር ብሎ ማመን ይከብዳል፤ ከመቶ ሰው የተሰማ ታሪክ ከጊዜ በኋላ በዓይን የታየ ይመስላል። ጣሊያኖቹ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሳኪና አኞሊ ከትዝታ ተመራማሪዋ ከኤሊዛቤት ሎፍተስ ጋር ያደረጉትን ሙከራ በ2007 እ.ኤ.አ. አውጥተዋል፦ በቤይጂንግ ቲያንአንመን አንድ ሰው ብቻውን ታንክ ፊት የቆመበትን ዝነኛ ፎቶ ወስደው ከዳርና ዳር ሕዝብ ጨመሩበት። የተነካካውን ፎቶ ያዩት ሰዎች፣ ያን ዘመን በዜና የተከታተሉትም ጭምር፣ በቦታው ብዙ ሕዝብ እንደነበር «አስታወሱ»። አባትዎ ዋሹ ማለቴ አይደለም፤ ቡና ቤቱ አዲስ አበባ ከነበረ በእርግጥም አይተው ይሆናል። የሥጋውን ዓይነት፣ የሳህኑን ቀለም ሲተርኩ ግን የትኛው ከቴሌቪዥኑ፣ የትኛው ከጎረቤት ወሬ እንደመጣ እሳቸውም ሊለዩት አይችሉም።

ያ ፊልም ከሸፈነው ነገር ሁሉ እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። የንጉሡን ትንሽ ውሻ፣ የሉሉን ስም የሚያውቅ ሰው ዛሬም ሞልቷል። ፊልሙ ላይ ከታዩት የወሎ ሕፃናት ግን የአንዱን ስም የሚነግርዎ አያገኙም። ጭሰኛው ምርቱ ሲጠፋ ለባለ መሬቱ የሚከፍለው መቅረት አለመቅረቱ፣ የጠቅላይ ግዛቱ ሹማምንት ምን ጽፈው ወደ ላይ እንደላኩ፣ ገበያ ላይ እህል እያለ ገንዘብ ያጣ ገበሬ ለምን እንደሞተ፣ ይህ ሁሉ በአንድ ሽማግሌና በውሻቸው ተተካ። ንጉሡ አይጠየቁም ማለት አይደለም፤ ይጠየቃሉ፤ በቂ ማስረጃም አለ። ክሱ ግን በውሻ ሥጋ ላይ ሲቆም ወንድምዎን የመሰለ ሰው ይመጣና ውሻውን ሲያፈርስ ረሀቡንም አብሮ ያፈርሰዋል።

ቆርጦ መቀጠል ሳያስፈልግም ማሳሳት ይቻላል። ከአሥር ዓመት በኋላ የሆነውን እናስታውስ። ደርግ በመስከረም 1977 የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት ሲያከብርና ፓርቲውን ኢሠፓን ሲመሠርት፣ የቀለም ቴሌቪዥንም ለዚያ በዓል ሲጀመር፣ ሰሜኑ እንደገና ይራብ ነበር፤ የውጭ ጋዜጠኞች ወደዚያ እንዳይሄዱ ተከልክለው ነበር። በተደበቀ ረሀብ ንጉሥ ያወረደ መንግሥት ረሀብ ደበቀ። ከዚያ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው መሐመድ አሚን የቀረጸው፣ ማይክል በርክ የተረከው የቢቢሲ ዘገባ ከኮረም ወጣ። የማለዳ ጉም፣ በሜዳው ላይ በጋቢ የተጠቀለለ ሕዝብ፣ የሚገነዝ ሬሳ፤ ተራኪው ረሀቡን ከመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን ጋር አመሳሰለው። ማንም ምንም አልቀጠለም፤ የታየው ሁሉ በቦታው የነበረ ነው። በዚያ ምስል የተነሣ የተሰበሰበው እርዳታ ብዙ ነፍስ አትርፏል፤ ይህን መካድ ነውር ነው።

ግን ከፍሬሙ ውጭ ጦርነት ነበር። ገበያ በአውሮፕላን ይደበደብ፣ እህል ከቦታ ቦታ እንዳይዘዋወር ይከለከል፣ የአማፂያኑ ይዞታ የሆነው አገር እርዳታ ይነፈግ ነበር። ተመልካቹ ያየው የሰማይ ቁጣ ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው «ማን አደረገው?» መሆኑ ቀርቶ «ምን ልላክ?» ሆነ። በሐምሌ 1977 በለንደንና በፊላደልፊያ የተደረገው ታላቅ ኮንሰርት የዘፈነው ለዚያ ምስል ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ያደገ የእኛ ሰው ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ «እናንተ አገር ምግብ አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ የኖረውም ከዚያው ምስል የተነሣ ነው፤ ጠያቂው ከመወለዱ በፊት የተቀረጸ መሆኑ ምንም አልለወጠም።

ታዲያ ምን ይደረግ? «ፊልም ሁሉ ያታልላል፣ ተጠንቀቅ» ማለት ዋጋ የለውም፤ ይህ የእኔ አስተያየት ብቻ አይደለም። አንድሩ በትለርና ባልደረቦቹ በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ላይ ተማሪዎች ስለ አንድ ታሪካዊ ጉዳይ ትክክለኛ ጽሑፍ አንብበው ስህተት ያለበትን የፊልም ቁራጭ አዩ። ፈተና ሲቀመጡ ብዙዎቹ የፊልሙን ስህተት ጽፈው «ከጽሑፉ ያገኘሁት ነው» አሉ። ከፊልሙ በፊት «ፊልሞች ስህተት ሊኖራቸው ይችላል» ተብለው የተነገራቸውም አልዳኑም። የዳኑት «እዚህ ቦታ ላይ ይህ ነገር ተሳስቷል፣ እውነቱ ይህ ነው» ተብሎ ነጥቡ ተለይቶ የተነገራቸው ናቸው።

ስለዚህ አባትዎን «ፕሮፓጋንዳ ነው» አይበሏቸው፤ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሰምተውታል። ይልቅ «ውሻው ከመታየቱ በፊት ምን ነበር? ከታየስ በኋላ?» ብለው ያስተርኳቸው። ቅደም ተከተሉን ራሳቸው ሲያወጡት መጋጠሚያውን ይደርሱበታል። ያኔ የመጀመሪያው ፊልም ከአንድ ዓመት ገደማ በፊት በእንግሊዝ የታየ መሆኑን፣ የቤተ መንግሥቱ ምስል ደግሞ ከሌላ ቦታ መጥቶ የገባበት መሆኑን ይንገሯቸው። ከወሎ የታየውን ግን አይንኩባቸው፤ እሱ የቆመ እውነት ነው። ለወንድምዎ የሚያስፈልገው ተቃራኒው ነው፦ ደሴ ወይም ኮረም ያደገ፣ ዕድሜው ከፍ ያለ አንድ ሰው ጋ ይውሰዱት።

ዛሬ በቴሌግራምና በቲክቶክ ለሚዞረው ደግሞ ያው ብልሃት ይሠራል። ሰው ሁሉ የሚፈራው በኮምፒውተር የተፈጠረውን ቪዲዮ ነው፤ እሱም መፈራት አለበት። እኔ ዘንድ ለማጣራት ከሚመጡት ብዙዎቹ ግን ማንም ያልነካካቸው፣ ከሌላ አገር ወይም ከሌላ ዓመት የመጡ፣ አዲስ ጽሑፍ ብቻ የተለጠፈባቸው ቪዲዮዎች ናቸው። መጀመሪያ ድምፁን አጥፍተው ይዩት፤ ዋሽንቱና ልቅሶው ሲቀር ምስሉ ብቻውን ምን እንደሚል ይታወቃል። ከዚያ ጥርት ያለ ቦታ ላይ አቁመው ስክሪንሾት ያንሡና በምስል በሚፈልገው በጉግል ሌንስ ይፈልጉት። ካልተገኘ የሱቁን ጽሑፍ፣ የመኪናውን ታርጋ፣ የወታደሩን የደንብ ልብስ ይመልከቱ፤ የአገሩን ስም አብዛኛውን ጊዜ የሚነግርዎ ከኋላ የቆመው ነገር ነው፤ ቪዲዮውን የለጠፈው ሰው ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ እንዲያዩ አይፈልግምና።